አንባቢን ማሳረፍ

ጥር 6 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለደራሲዋ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ እጅሽ ሙቅ፣ ሆድሽ ሙሉ፣ ልብሽም ሰላም ሆኖ ያግኝሽ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ሱቁም አልተዘጋም፤ ሰው እስከወፈረና እስከከሳ ድረስ ልብስ አስተካካይ ሥራ አያጣም።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። ልጄ ቆይማ ከተለየን ስድስት ወር ሞላው። ምራቴ ሥራ አግኝታለች፤ ቦታው ግን በባቡር ሁለት ቀን ያስኬዳል። በሰኔ መጨረሻ ልጅቷን ይዛ ትሄዳለች። አልፈርድባትም፤ እንጀራ በተገኘበት ነው የሚበላው። ግን ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብዬ ብጠይቃት ብዙ አሰበችና «ቡትስ ጫማ አለው» አለችኝ። ሌላ ትጨምር እንደሆነ ጠበቅኩ። ሌላ የለም። ከዓመት በኋላ ቡትሱም ይጠፋባታል።

ስለዚህ ልጽፍላት አሰብኩ። አንድ ደብተር ሙሉ አባቷን ላስይዛት። እስክታድግ እናቷ ታነብላታለች፣ ስታድግ ራሷ ታነበዋለች።

ችግሩ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። በሕይወቴ የጻፍኩት ነገር ቢኖር «ሱሪ፣ ሁለት፣ ወገቡ ይጥበብ» ነው። ትናንት ተቀምጬ «ልጄ ጥሩ ልጅ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ሻይ አፈላሁ። ሻዩ አለቀ፤ ጽሑፉ ግን እዚያው ቆሟል።

አንቺ ከቤቴ ስትወጪ «መጽሐፍ ልጽፍ ነው» ብለሽ ነው የሄድሽው። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ፣ ዘመድ ሁሉ ደራሲዋ እያለ ነው የሚጠራሽ። እንዴት እንደሚጻፍ ንገሪኝ። ብዙ አልጠይቅም፤ አጀማመሩን ብቻ።

ከሩቅ ሆና ጉንጭሽን የምትስም
አክስትሽ


የካቲት 4 ቀን

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ከደጅዎ ሰው፣ ከጉልበትዎ ብርታት አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራው ያው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት፣ የተገነጣጠሉ መጻሕፍት የሚጠገኑበት ክፍል። መስኮት የለውም፣ ሙጫ ግን ሞልቷል።

በዚህ ጉዳይ ትክክለኛዋን ሰው ነው የጠየቁት። በዘመናቸው ስመ ጥር የነበሩ የድሮ ደራሲዎች ስለ አጻጻፍ የተናገሩትን፣ ከማጣብቃቸው መጻሕፍት እየገለበጥኩ ለዓመታት ሰብስቤአለሁ። አሁን ዘጠኝ ደብተር ሆኗል። ስማቸውን ብነግርዎት አይጠቅምዎትም፣ ሁሉም ሞተዋል፤ ምክራቸው ግን ዛሬም ይሠራል። ለጀማሪ የሚሆነውን መርጬ ወደ ቋንቋችን መልሼልዎታለሁ።

አንዱ፣ ሰው እሱን ለመስማት ሥራውን ዘግቶ ይመጣ የነበረ፣ «ከመሃል ጀምር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቅጽል የሰነፍ ምርኩዝ ነው፤ ባገኘህበት ንቀል» ብሏል። «ጥሩ» ቅጽል ነው አክስቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይውጣ። ይኸው ሰው በስተርጅናው «ነበር» የሚለውን ቃልም ጠምዶ ይዞት፣ ከመጻሕፍቱ ሁሉ እያሳደደ አስወጥቶታል። ሰባት ልጅ አሳድጋ ሠላሳ መጽሐፍ የጻፈች አንዲት ሴት ደግሞ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር የምትጽፈው፤ «እግር ከነቃ ራስ አይተኛም» ትላለች። ከሁሉ በላይ ግን ይህን አይርሱ፦ «አንባቢህን በየመሃሉ አሳርፈው። ያላረፈ አንባቢ ጠላት ነው።»

የእኔም መጽሐፍ በመልካም ሁኔታ እየተሰናዳ ነው። ለመጀመር ትንሽ ነው የቀረኝ።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 29 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

መስኮት ለሌለው ክፍልሽ ብርሃን ይላክልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘጠኝ ደብተር! ስሰማ ኮራሁብሽ።

ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ። ደብተሩን ከመሃል ጀመርኩት፤ ሽቦዎቹ ያሉበትን ገጽ ገልጬ። ግን እሱ ሲሞላ ወዴት ነው የምሄደው? ወደፊት ነው ወደኋላ? ሰውየው በዚህ ላይ የተናገረው የለም?

እግሬንም ሳፋ ውስጥ ነክሬ ጻፍኩ። ሦስት መስመር ወጣኝ። ከዚያ አስነጠሰኝና አራት ቀን ተኛሁ። ሰባት ልጅ ያሳደገችው ሴትዮ ውሃ ውስጥ የገባችው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ልጆቹ እንዳይደርሱባት ነው።

«ጥሩ»ን አወጣሁት። «ልጄ ልጅ ነበር» ሆነ። ይህንንማ ማን አጣው? ከዚያ ያንን ሽማግሌ አምኜ «ነበር»ንም አወጣሁት። «ልጄ ልጅ» ሆነ። ትርጉም የለውም፤ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብዙ አየሁት። «ነበር» ሲወጣለት ደስ አለኝ። ሰውየውን ካገኘሽው አመስግኚልኝ። አዎ፣ ሞቷል ብለሻል። ቢሆንም።

አሁን እንዲህ እያልኩ ነው የምጽፈው፦ «አባትሽ ቆይማ የተባለው ሁሉን ነገር ቆይማ ስለሚል ነው። የተበላሸ ነገር ካየ መንገደኛም ቢሆን፣ ቸኩሎም ቢሆን ‹ቆይማ፣ ልየው› ይላል። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። እንዲጠግን በተጠራበት ሕንፃ የሰው ጃንጥላ ጠግኖ ይመለሳል።»

የከበደኝ የመጨረሻው ምክር ነው። የጻፍኩትን የማነብለት ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሱቃችንን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። እኔ ደግሞ ማሳረፍ የማውቀው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በጥፊ ነው፣ ሌላውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ግራ ቢገባኝ ራሱን ጠየቅኩት።

«አንባቢን አሳርፈው ይላል፤ ምን ማለት ይመስልሃል?»

«አንባቢው ማን ነው?» አለ።

«እስካሁን አንተ ብቻ ነህ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«እኔ እንጃ። ያላረፈ አንባቢ ጠላት ነው ይላል።»

መቀሱን ኪሱ ከተተ። «እትዬ፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ ደንበኛ ቀጥሬአለሁ» ብሎኝ ወጣ። ደንበኛ አልነበረውም። በግድግዳው ቀዳዳ አየዋለሁ፤ ብቻውን ወንበሩ ላይ ይሽከረከራል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያዳምጠኝ በሩ ላይ ቆሞ ነው፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ።

መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ አንድ አንባቢ ነው ያለኝ፣ እሱም ሊያመልጠኝ ነው።

አክስትሽ


መጋቢት 27 ቀን

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ያስነጠሰዎት ብርድ እስከወዲያኛው ይራቅዎት። ጥፋቱ የእኔ ትርጉም ነው። አንባቢው ትንፋሽ ያግኝ፣ አራት ነጥብ ሲያይ ቆም ይበል ለማለት ነው እንጂ ማንም እንዲጎዳ አይደለም። ፀጉር አስተካካዩን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። መሃል የተባለውም የታሪኩ መሃል እንጂ የደብተሩ አይደለም፤ ግን ከጀመሩት ወዲያ ይቀጥሉ።

ስለ ቅጽል ያልኩዎትን ደግሞ ትንሽ ማረም አለብኝ። በዚያው ዘመን የነበረ ሌላ ደራሲ «ቅጽል የሌለው ጽሑፍ መጋረጃ የሌለው ቤት ነው» ብሎ ተነሥቶበታል። ሁለቱ በዚህ ተጣልተው አርባ ዓመት ሰላምታ አልተሰጣጡም። የቅጽል ወዳጁ ሲሞት የቅጽል ጠላቱ በጋዜጣ ላይ «ያ ትልቅ፣ ደግ፣ የማይተካ ጠላቴ» ብሎ ጻፈ። ሦስት ቅጽል በአንድ ትንፋሽ።

ሌላው፣ ዐይኑ ከጠፋ በኋላ ለሚስቱ እየነገረ ያስጽፍ የነበረ ደራሲ፣ «ዐሥር ጊዜ ሳትከልስ ለማንም አታሳይ» ይላል። እኔ በዚህ ምክር ነው የምሄደው፤ ለዚህም ነው እስካሁን ለማንም ምንም ያላሳየሁት።

ከሰባተኛው ደብተር አራት ገጽ ገልብጬ አባሪ አድርጌያለሁ። ስለ ሌላው ነገር ሲመቸኝ እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 18 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

እንደ ምንጊዜውም ሰላምታዬ ከፊት ከፊቴ ይድረስሽ።

ለፀጉር አስተካካዩ «ትንፋሽ ያግኝ ለማለት ነው» ብዬ ነገርኩት። «ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አይሉኝም? ወር ሙሉ በር ላይ ቆሜ እግሬ አበጠ እኮ!» አለና እንደ ዳኛ ተዝናንቶ ተቀመጠ። አሁን የት እንደሚታረፍ የማላውቅ ይመስል፣ አራት ነጥብ ስደርስ ራሱ «እፎይ» ይላል። አናዳጅ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሊፍቱን ታሪክ አነበብኩለት። ዐሥራ አንድ ፎቅ ያለው ሕንፃ ላይ ሊፍት ቆሞ ሦስት ሰዎች ተዘግቶባቸው፣ ከመካከላቸው አንዲት ወይዘሮ እያለቀሰች ሳለ ቆይማ ደረሰ። በበሩ ስንጥቅ አጎንብሶ «ቆይማ የኔ እመቤት፣ የትም እንዳትሄጂ» አላት። «የት ልሄድ እችላለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ራሷ ያለችውን ስትሰማ ሳቋ መጣ። በሩ እስኪከፈት ድረስ ሦስቱም ሲስቁ ነበር። ስጨርስ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሳቅ ሰማሁ። ለካ ፀጉር አስተካካዩ ጢሙ በግማሽ የተላጨ ደንበኛ ትቶ ነው የመጣው። ሰውየው በአንድ ጉንጩ ሳሙና እንደሞላ ብቅ ብሎ «ይሄ ሰውዬ አሁን የት ነው የሚሠራው? የኛ ሕንፃ ሊፍትም ቆሟል» አለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ «ና ጢምህን እንጨርስ» ብሎ ይዞት ሄደ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የምራቴ መሥሪያ ቤት ቶሎ ነይ ብሏታል። የሚሄዱት ሰኔ 2 ነው። ደብተሩ ውስጥ ያለው ቆይማ ትልቅ ሰው ነው፤ ልጅቷ ግን ልጅ ናት። ልጅ የሚወደው ልጅን ነው። ትንሹን ቆይማ እኔ አላውቀውም። እኔ ፋብሪካ ስውል አንቺና እሱ ቤት ተቆልፎባችሁ ነው ያደጋችሁት። ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠሩ እንደምትውሉ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ።

ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ስለ ስንት የሞቱ ሰዎች ነገርሽኝ፣ የማን ዐይን እንደጠፋ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። ስለ አንዱ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። ሲቀበርም ነፍስ ይማር አላልሽኝም። አልተቀየምኩም። ሰው ሲያዝን አፉ የሚዘጋበት አለ፣ አፉ የሚከፈትበት አለ፤ እኔ እንደምታዪው ተከፍቶብኛል።

ብቻ አንድ ነገር ጻፊልኝ። የሞቱት ያሉትን አልፈልግም። አንቺ ያየሽውን።

አክስትሽ


ግንቦት 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ደህና ነሽ? ፖስታ ቤት አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አሁን ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ደረጃውን እንኳ አታስወጣኝም፣ ጉልበቴ ያመሰግናታል።

ባያምርም ግድ የለም። ቅጽል ከፈለግሽ ሙዪበት። ዐሥር ጊዜም አትከልሺው። ዐሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረን።

አክስትሽ


ግንቦት 11 ቀን

አክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይህ ዐሥረኛው ነው፤ መልሼ ሳላነበው ፖስታ ሣጥን ውስጥ እጥለዋለሁ።

እኔ ደራሲ አይደለሁም። መጽሐፍ የለም። አንድ ገጽም የለም። ዘጠኙም ደብተር የሌላ ሰው ቃል ነው። ምክሩ ካለቀ በኋላ እጀምራለሁ እያልኩ ምክሩ አላልቅ አለኝ።

ቆይማ በሐምሌ ደውሎልኝ ነበር። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ ትንሽ አሞኛል አለኝ። «እየጻፍኩ ነው፣ ነገ እደውልልሃለሁ» አልኩት። እየጻፍኩ አልነበረም። እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ባዶ ወረቀት እያየሁ ነበር። በማግስቱ ስደውል አላነሣም። በሦስተኛው ቀን የደወሉልኝ እርስዎ ነዎት። ነፍስ ይማር ልል አፌን ስከፍት የሚወጣው «እየጻፍኩ ነው» የሚለው ሆነብኝ። ስለዚህ ዘጋሁት።

ያየሁትን እነሆ።

እኔ ዘጠኝ፣ እሱ ስምንት ዓመታችን ነው። እርስዎ ሲወጡ «እንዳትነኩ» ያሉን አንድ ነገር ነው፤ የስፌት መኪናዋን። በሩ እንደተቆለፈ ቆይማ ወደሷ ሄዶ «ቆይማ» አለ። ምንም አልሆነችም ነበር። «ለምን እንደምትሠራ ልየው» ነው ያለው።

አንሶላ መሬት ላይ አንጥፎ እየፈታ ይደረድራል። «አንቺ ጻፊ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደወጣ» አለኝ። የዕቃዎቹን ስም ስለማናውቅ ስም አወጣንላቸው፤ ወፍራሙ፣ የወፍራሙ ሚስት፣ አፍንጫ ያለው፣ አኩራፊው። አኩራፊው ያልነው አልወጣም ብሎ ስላስቸገረን ነው። ሁሉንም በተርታ ጻፍኩ። ሲገጥም እኔ ከታች ወደ ላይ አነብለታለሁ፤ «አሁን አኩራፊው፣ አሁን የወፍራሙ ሚስት፣ ቀስ ብለህ ታፍራለች።» እየሳቀ ይገጥም ነበር።

ሲያልቅ አንዲት ትንሽ ብሎን አንሶላው ላይ ቀረች። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። የለችም። «ሳትጽፊያት ነው የቀረችው» አለኝ። አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ እውነቱን ነው የነገረኝ። ያኔ የእርስዎ እግር ደረጃው ላይ ተሰማ። አንሶላውን አልጋ ላይ ወረወርን።

ገብተው ጫማዎን ሳያወልቁ መኪናዋ ላይ ተቀመጡ፣ የሰው ቀሚስ አስቸኩሎዎት ነበር። ትንፋሻችንን ይዘን አየንዎት። መርፌዋ ወረደች። ሰፋች። ቆይማ ጆሮዬ ላይ «ትርፍ ነበረች ማለት ነው» አለኝ።

እርስዎ ዞር ብለው «ዛሬ ምን ሆናችኋል፣ እንዲህ ዝም ያላችሁት?» አሉን።

«እያረፍን ነው» አለ ቆይማ።

እኔ ያልተናገርኩት ብሎኗ አፌ ውስጥ ስለነበረች ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 10 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

እጅሽ ይባረክ፤ ይህን የጻፈው እጅ ነው የምልሽ።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ያንቺው የደረሰኝ ሰኔ 1 ከሰዓት ነው። የፖስታ ቤቷ ልጅ ከሩቅ ስታየኝ በሁለት እጇ አውለበለበችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ሰው እየዘለለኝ ይወጣል ይወርዳል።

ሃያ ሰባት ዓመት! ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ብሎን በጎደላት መኪና ነው የስንቱን ሙሽራ ልብስ የሰፋሁት! ለፀጉር አስተካካዩ ባነብለት ከወንበሩ ወድቆ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ «ሱሪዬን አንቺጋ ነው ያሰፋሁት እትዬ፣ ስፌቱን ቼክ ላስደርገው?» አለኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረድኩት በዚያች ብሎን ነው።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ካንቺ ጋር አውርቶ ሲጨርስ ወደ ሱቄ መጣ። ሰውነቱ ይሞቅ ነበር። «እየጻፈች ነው፣ ማንም እንዳይደውልላት» አለኝ። ለፀጉር አስተካካዩም ገብቶ ነገረው፤ የራሱ መጽሐፍ የወጣ ነበር የሚመስለው። ኮርቶብሽ ነው የሄደው። እግርሽ ሳፋ ውስጥ እንደነበረ ቢያውቅማ፣ ሳቁ ነበር ትኩሳቱን የሚያበርድለት።

ወደ ደብተሩ ልገለብጠው ጊዜ አልነበረኝም፤ ባቡሩ ጠዋት ነው። ቢኖረኝም አልገለብጠውም ነበር። ደብዳቤሽን እንዳለ፣ ስለ ስልኩ ያለውን ብቻ ቆርጬ አስቀርቼ፣ ወፍራም መርፌ አስገብቼ በመኪናዋ ደብተሩ ላይ ሰፋሁት። የመጨረሻው ገጽ ነው። ልጅቷ ደብተሩን በብብቷ ይዛ ተሳፈረች። ለእኔ እጇን እንኳ አላወዛወዘችልኝም፣ እንዳይወድቅባት።

ትናንት ምራቴ ደወለች። ሁለቱን ቀን ባቡር ውስጥ ስታነብላት ነው የከረመችው። ልጅቷ የሊፍቱን ታሪክ ወዳዋለች። ያንቺን ግን አራት ጊዜ አስነብባታለች፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሰዎችም አኩራፊውን በቃላቸው ይዘውታል። አንዱን መስመር ብትዘልባት «የወፍራሙ ሚስትስ?» ብላ አስመልሳታለች። የጎረቤት ልጆች «አባትሽ የት ነው?» ሲሏት የምትመልሰው አገኘች፤ «አባቴ የአያቴን መኪና ፈቷል» ነው የምትላቸው።

ግን አዲሱ ቤት ከገቡ ጀምሮ እህል አልበላም ብላለች። አፌ ውስጥ ነበረች ብለሽ ታቆሚያለሽ እንዴ? «ከዚያስ? ዋጠቻት?» እያለች እናቷን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታታለች። እናቷ እኔን ጠየቀች፣ እኔ ምኑን አውቄ። ይህንን የምታውቂ በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ነሽ።

አድራሻቸውን ከታች ጽፌልሻለሁ። ለእኔ አትላኪው፣ ለእሷ ላኪላት። በትልልቁ ጻፊው፤ ሀ ሁ ጀምራለች።

አክስትሽ